ሳልመዘን የተጻፈልኝ ኪሎ

ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ። ማንም አልመዘነኝም። ከደረሰብኝ ሁሉ ትንሹ ነገር ይህ ነው፤ አስቀድሜ የምጽፈው ትልቁን ነገር ያየሁት በዚህች ቀዳዳ ስለሆነ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ከቡሬ ወዲህ ይሁን ወዲያም አልናገርም። ስም ማጥፋት ለንስሐ አባቴ የምወስደው ሌላ ሸክም ይሆንብኛል። ዝም ማለትም ኃጢአት ሊሆን እንደሚችል ግን በዚያ አልጋ ላይ ተምሬአለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ነገ ታማችሁ ከምትተኙት፣ ወይም የሰው አስታማሚ ሆናችሁ አልጋ ዳር ከምትቆሙት መካከል ላንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም ይበቃኛል።

የመንዝ ሰው ነኝ። ከሽንዲ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እናቴ ያለችው እዚያው መንዝ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ እሷ ዘንድ የምደርሰው ዓባይን ተሻግሬ፣ አዲስ አበባ አድሬ ነው። ወንድም የለኝም፣ ባል የለኝም። ያሉኝ እትዬ አትጠገብ ናቸው። የቤት አከራዬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ጥቂት ዶሮና አንዲት ላም ይዘው ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔን ሲያስተዋውቁ «ልጄ ናት፤ ምጧን ሌላ ሰው አማጠልኝ እንጂ» ይላሉ። ቤታችን አንድ ነው፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነው። ትንፋሽ ስስብ ቀኝ ጎኔን እንደ ወስፌ ወጋኝ። ንፋስ ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሳል ተጨመረበት። ሽንዲ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜን ወሰዱና ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስም አለበት አሉኝ። በእኛ አካባቢ ያተኮሰው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ ሁለቱ አብረው ከመጡም ማንም አይደነቅም። ደረቴን ያዳመጠ ግን አልነበረም። የሰጡኝን ኪኒን አንዲትም ሳላጓድል ጨረስኩ፤ ወስፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ቀጥዬ ቡሬ ወረድኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁጭ ማለት ሲያቅተኝ አጠገቤ ያሉ እህል ነጋዴ፣ ስማቸውን ሳልጠይቅ የቀረሁ ሴት፣ ባዶ ማዳበሪያቸውን አጣጥፈው ከራሴ ሥር አስገቡልኝና የሳቸውን ተራ ሰጡኝ። የገባሁበት ባለሙያ ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ ጨጓራ ነው አለኝ፤ በርበሬ ተዪ፣ ወተት ጠጪ። የነቢያት ጾም ገብቷል ስለው «እግዜር ይፈታልሻል» ብሎ ሳቀ። የሳቀብኝን ይቅር ብዬዋለሁ። ወስፌው ያለው ጎኔ ላይ ነው እያልኩት ሆዴን መጫኑን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ጸበልም ገባሁ። ጸበሉ አልበደለኝም፤ የበደለኝ እኔው ስንፍናዬን በጸበል መሸፈኔ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቅጽሩ ሦስት ጊዜ የተቀመጥኩ ዕለት እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ተነሽ። እናትሽ ሬሳሽን ከእኔ እጅ አትቀበልም» አሉኝ። ሆስፒታል የሄድነው በዚያው ጠዋት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወረቀት ሰጠኋቸው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ መንዝ ውስጥ ለጉሮሮዬ ፔኒሲሊን ወግተውኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሼ ተዘግቶ፣ ልሞት ነበር። ያኔ የነበሩት የጤና ጣቢያ ሰውዬ በእጃቸው ጽፈው ለእናቴ ሰጧት፤ እናቴም ከአገሬ ስወጣ ከመስቀሌ ጋር ሰጠችኝ። «ይህች ልጅ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መርፌ አይስማማትም» ይላል። ራሴን ብስት ለሐኪሞቹ ይስጡልኝ አልኳቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ምን እንደሚል ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሆስፒታሉ እንደ ደረስን ካርድ ወጣ፣ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ሳንባ ምች ነው አለ፤ ቀኝ ሳንባዬ ከሥሩ ተበክሎ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ተኝተሽ ትታከሚያለሽ፣ ቀሪውን ነርሱ ይጠይቅሻል አለኝ። ከደጅ ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም ነበር፤ አልፈረድኩበትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስም ያለው በሽታ አገኘሁ።

አልጋዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነርሱ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ነጭ ጋዋኑ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ጨዋ። ከበሩ አልገባም። ወረቀቱን በክንዱ ላይ አድርጎ አስታማሚዬ ማን እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ አትጠገብ ከመሬት ተነሡና እንደ ዳኛ ፊት ቆሙ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ቀበሌዬን ጠየቃቸው። ከዚህ በፊት የታወቀ በሽታ አለባት ወይ አላቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሉት። የለም ብሎ ጻፈ። ከዚያ የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ አለ።

እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሲሄድ አየሁ። ቋጠሮዋን ጨበጧት።

«የለባትም ልጄ» አሉ። «ሁሉም ይስማማታል።»

ይህን ሰማሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ሰማሁ። ትንፋሼ አጥሮ ነበር እንጂ ምላሴ አልታሰረም። አንድ ቃል ለመናገር ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን በጀርባቸው ቀረሽ ተሸክመው ያመጡኝን ትልቅ ሰው፣ በማያውቁት ወንድ ፊት ውሸታም ማድረግ ከበደኝ። መርፌውን ከመውጋታቸው በፊት ያው እኔን ይጠይቁኛል፣ ያኔ በቀስታ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ነርሱም ዓይኑን ወደ አልጋው አላነሣም። ሦስት እርምጃ ነበር የሚለየን።

ማንም አልጠየቀኝም። ከምሳ በኋላ ሌላ ልጅ እግር ነርስ መርፌ ይዞ መጣ፤ የአልጋ ቁጥሬን አነበበ፣ በእጄ በተተከለው ቱቦ ሰጠኝ። ምንድን ነው ስለው «የታዘዘልሽ ነው» አለኝ። መጀመሪያ መዳፌን በላኝ። ከዚያ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ከዚያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ያው መዘጋት፣ ያው ጨለማ በቀን። አጠገቤ የተኙ እናት ነበሩ፣ ከቡሬ ዙሪያ የመጡ፤ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ነበር የሚያወሩት። ያኔ ግን በአማርኛ «ሰው ሞተ» ሲሉ ሰማሁ። ከማዶ ክፍል ሲስተር ደብሬ የሚሏት ነርስ ሮጣ መጣች። ጭኔ ላይ የወጋችኝ የተዘጋ ትንፋሽ የሚከፍት መድኃኒት እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። እግሬን ከፍ አድርጋ፣ ጆሮዬ ላይ ተደፍታ «እኔን እዪኝ፣ አትሂጂ» ትለኝ ነበር። አልሄድኩም። እመቤታችን አልለቀቀችኝም።

ሲነጋ ሲስተር ደብሬ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። በዚያ ክፍል ወንበር ስቦ የተቀመጠ የጤና ባለሙያ ከእሷ በቀር አላየሁም። «አስታማሚሽን ተዪአቸው፣ አንቺ ራስሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ከፋሻ ላይ ቀደደችና በእጄ አንጓ ላይ አሰረችልኝ፤ በላዩ በቀይ እስክሪብቶ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት ብላ ጻፈችበት። መድኃኒቴም ተለወጠ። ከዚያ ፋይሌን ስታገላብጥ ቆም አለች። የአጠገቤን እናት ፋይል አነሣች፤ ከማዶ አልጋ የተኛችውን ነፍሰ ጡር ፋይል አነሣች። ምን አየሽ አልኳት። ልትነግረኝ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ወረቀቱን አልደበቀችብኝም።

እኔ ሃምሳ ሁለት ኪሎ። ባልቴቷ፣ አጥንታቸው በነጠላ ላይ የሚቆጠረው፣ ሃምሳ ሁለት ኪሎ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯ ሃምሳ ሁለት ኪሎ። የሦስታችንም ትኩሳት እኩል፣ የሦስታችንም የማይስማማ መድኃኒት «የለም»። ባልቴቷ ስኳር እንዳለባቸው ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ጤነኛ ናቸው። ሚዛኑን ጠየቅኩ። የሕፃናት ክፍል ነው ያለው አሉኝ።

መምህር ነኝ፤ የተሞላ ቅጽ አይቼ አውቃለሁ። ሱፐርቫይዘር በሚመጣበት ሰሞን፣ ልጆቹ ለአጨዳ ማሳ ላይ ውለው ሳለ፣ «አለ፣ አለ፣ አለ» እያልኩ መዝገብ ሞልቼ አውቃለሁ። ስለዚህ እጁን አወቅሁት፤ የኔው እጅ ነው። ልዩነቱ በእኔ መዝገብ ውስጥ ትንፋሹ የሚዘጋ ሰው አለመኖሩ ነው። ለመሆኑ አለመኖሩን በምን አውቃለሁ?

ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ በላስቲክ የታሸገ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። በሽተኛ ሲገባ ነርስ የሚያደርገው ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ስሙን ይናገራል፣ ይመዝናል፣ የማይስማማ መድኃኒት መኖሩን ራሱን በሽተኛውን ይጠይቃል፣ የበሽተኛውን ስም በእጁ ላይ ያስራል። ፊደሉ ያማረ ነው። ስምንት ቀን ተኝቼ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። ማታ ማታ ትንፋሼ ያቆመ እየመሰለኝ ስባንን የማነበው እሱን ነበር። ያን ጽሑፍ ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፍርድ እንዳላጓድል ይህንንም እጽፋለሁ። ነርሱ በዚያ ቀን ከሃያ በላይ አልጋ ብቻውን ይዞ ነበር። ደክሞታል። ድካሙ ከአልጋው ድረስ ሦስት እርምጃ የማያስኬድ ነበር ወይ የሚለውን ግን እናንተ ፍረዱ።

በአራተኛው ቀን እትዬ አትጠገብን ቢሮ ጠሯቸው። እኔ የምጠራ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ቀኝ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር፤ ውሃ እንኳ በግራቸው ሰጡኝ። ምን ሆኑ ብዬ ነጠላውን ገለጥኩት። አውራ ጣታቸው በሐምራዊ ቀለም ተነክሯል። የሆነ ወረቀት ላይ ይፈርሙ አሏቸው፤ ምን እንደሚል አላነበቡላቸውም። ኋላ ሲስተር ደብሬ ነገረችኝ። አስታማሚዋ ተጠይቃ የማይስማማት መድኃኒት የለም ብላለች ይላል።

ቱቦዬን እየጎተትኩ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። አክብሮ አስቀመጠኝ።

«እኅቴ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው» አለኝ። «የተጠየቀው ተጠይቋል፣ የተመለሰው ተጽፏል።»

«እኔ አልተጠየቅሁም።»

«አስታማሚሽ ተጠይቀዋል።»

«የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ክፍሉ በጥራት ተገምግሞ የተመሰገነ መሆኑን ነገረኝ፤ ምሥክር ወረቀቱ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ኪሎዬን ጠየቅሁት። ወረቀቱን አይቶ ሃምሳ ሁለት አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። አልጮኽኩም፤ የምጮኽበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

እትዬ አትጠገብን የጠየቅኳቸው ከወጣን በኋላ ነው፤ ከግቢው ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ። ለምን ደበቁት አልኳቸው። ቋጠሮዋን ፈተው ወረቀቷን መለሱልኝ፤ በላብ ረጥባ ነበር።

«አለባት ብል፣ እኛ ዘንድ የሚስማማት የለም፣ ባሕር ዳር ውሰዷት ይሉኛል ብዬ» አሉ። «ወንድሜን እንዲያ ብለው ነው መንገድ ላይ ያስቀሩት። መንገዱ ተዘግቶ፣ መኪናው ውስጥ። እንዳይመልሱሽ ብዬ ነው ልጄ። ሁሉን የምትችይ ላስመስልሽ ብዬ።»

ከሆስፒታሉ ወረቀት ይልቅ የሳቸው ውሸት ፍቅር ነበረበት። ለንስሐ አባታችን ተናግረው ስግደት ተቀበሉ፤ በጉልበታቸው ሕመም እየሰገዱ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። ከዚያ ቢሮ ግን ማን ሰገደ?

ቅዳሴ እስከ መጨረሻው ቆሜ ለማስቀደስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ለቀጠሮ ስመለስ ካርዴን አየሁት። የማይስማማት መድኃኒት፣ አሁንም የለም። ይስተካከልልኝ አልኩ፤ የተዘጋ ገጽ አይነካም አሉኝ። በቤቴ የራሴን ወረቀት በደማቁ ደግሜ ጽፌ ከመስቀሌ ጋር በአንገቴ አሰርኩት።

ግንቦት ላይ ደግሞ እትዬ አትጠገብ ታመሙ። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ እህል አልቀመስ አላቸው። የወፍ በሽታ ነው ተባለና አንድ አዋቂ ዘንድ ሄደው ሥር ተቀጥቅጦ ተሰጣቸው፤ ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ጠጡት። እኔ የማውቀው ጣሳውን ስላየሁ ነው። የሚሰጠው ሰው ያስምላል፤ መድኃኒቱ ከተነገረ ይረክሳል፣ ፈውሱ ይቀራል ይባላል። ከጠጡት በኋላ ባሰባቸው፤ ማስታወኩ አልቆም አለ። አሁን እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሌላ ቅርብ ሆስፒታል የለምና ወደዚያው ወሰድኳቸው።

የገባነው ክፍል ያው ነበር። ነርሱም ያው። አላወቀኝም። ከበሩ ቆሞ አስታማሚ ብሎ ጠራ፤ ተነሣሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ብዕሩ ከጥያቄው ቀድሞ ይሄድ ነበር።

«የባህል መድኃኒት ወስደዋል?»

እትዬ አትጠገብ ከአልጋው ላይ አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ቋጠሮዋን የጨበጠችው እጅ ናት፣ አሁን በዓይን።

«እሳቸው አሉ» አልኩት። «ገባ ብለው እሳቸውን ይጠይቁ።»

ቀና አለ። የሚቆጣ መሰለኝ፤ ግን ገባ። ሦስቱን እርምጃ ሄዶ አልጋው ዘንድ ቆመና ጠየቃቸው።

«ኧረ የለም ልጄ» አሉት። «ጸበል ብቻ ነው የጠጣሁት።»

ተራው የኔ ነበር። ያመጡኝ ሰው ናቸው፣ ያስታመሙኝ ሰው ናቸው፣ በእኔ ምክንያት ጣታቸው ቀለም የነካ ሰው ናቸው።

«ጠጥተዋል» አልኩ። «ሥር ነው፤ ሦስት ጠዋት። አሁን ደግሞ ይመዘኑ።»

እትዬ አትጠገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነርሱ ወረቀቱን እያየ ቆመ፤ እኔም አየሁት። በኪሎው ቦታ ላይ ሃምሳ ሁለት ተጽፏል። ሄዶ ሚዛኑን ከሕፃናቱ ክፍል አመጣ፤ ደግፈን አቆምናቸው። አርባ አንድ ሆኑ። ሰረዘውና አርባ አንድ ብሎ ጻፈ።

ሥሩ ጉበታቸውን እየጎዳው እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ፤ ባይነገረው ኖሮ ሌላ የሚጎዳቸው መድኃኒት ሊጨምርበት እንደነበርም አልሸሸገኝም። በሁለት ሳምንት ዓይናቸው ነጣ። በሦስተኛው ሳምንት ዶሮዎቻቸውን መቆጣት ጀመሩ።

እኔን ግን አይቆጡኝም፣ አያናግሩኝም። ለጎረቤት «ምሥጢሬን ለወንድ ያወጣች» ብለውኛል። ውሃዬን ቀድተው ከደጄ ያስቀምጡልኛል፤ አይገቡም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው ሸኙ። ያኩርፉኝ። የሞተ ሰው አያኮርፍም። እናንተም አልጋ ዳር ስትቆሙ የምትመርጡት ይህን ነው፤ ከበር የሚጠይቅ ካለ ወደ አልጋው ጥሩት፣ ባይመጣ እናንተ ተናገሩ፣ ኩርፊያውንም ተሸከሙት። ይህ የእኛ ሥራ አልነበረም። ግን ሥራው የሆነው ሰው እስኪሠራው ድረስ በሽተኛ ይሞታል።

ማለዳ ማለዳ በግድግዳው በኩል ሲያስሉና ውዳሴ ማርያም ሲጀምሩ እሰማለሁ። ከዚህ ወዲህ ሆኜ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሳቸው ግን አሜን አይሉም።